አማቴ አሳማ እያደለቡልኝ ነው

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከዱባይ ነው የመጣው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 31 ነው። ዱባይ ስኖር ሰባት ዓመቴ ነው፤ የምሠራው የሴቶች ውበት ሳሎን ውስጥ ነው። ያደግኩት ጾም ከማይሻርበት ቤት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ዐቢይ ጾም ወጥቶ ፋሲካ ሲደርስ ዶሮው አልወርድ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም፣ ዓሣም አልቀመስኩም። ሰው ‹ቪጋን ሆነች› ይለኛል፤ እኔ ‹ጾሙን ሳልፈታ ቀረሁ› እላለሁ። እጮኛዬ ፊሊፒኖ ነው፤ የፓምፓንጋ ክፍለ ሀገር ልጅ። እዚሁ ሆቴል ወጥ ቤት ይሠራል። ለፈረንጆች ገና ሦስት ሳምንት አገሩ ይዞኝ ሊሄድ ነው። ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ እናቱ ስልኩን አዙረው ጓሮ ያለውን በረት አሳዩኝ። እየሳቁ አንድ ነገር አሉ። ሲተረጉምልኝ ‹ይሄ ላንቺ ነው የሚደልበው› ነው። አሳማ! እኔ ደግሞ አሳማ ድሮም ቀምሼ አላውቅም። አብሬ ሳቅኩ፤ ስልኩን ስዘጋ አለቀስኩ። እጮኛዬ ‹ምን ችግር አለው፣ ሥጋውን እያወጣሽ ብዪ› ይለኛል። ትልቅ ሴት ናቸው፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ‹የሠሩትን አልበላም› እንዴት እላቸዋለሁ? ሦስት ሳምንትስ ነጭ ሩዝ ብቻ በልቼ እኖራለሁ? ግራ የገባኝ፣ ከዱባይ።»

ግራ የገባሽ እህቴ፣

መጀመሪያ አሳማውን እንጨርስ። እሱ አንቺ ባትሄጂም ይታረዳል። ገና ነው፤ ፓምፓንጋ ነው፤ በረት ውስጥ የደለበ አሳማ አለ። አማትሽ ያሉትን ወደ እኛ ስትመልሺው «ሙክት አስረንልሻል» ማለት ነው። ሙክት የታሰረለት እንግዳ ምን ያህል ሥጋ እንደበላ ማንም አይቆጥርበትም። ክብሩ መታሰሩ ላይ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጥሪ ሳቂና አመስግኚ። ስለ ሥጋው እዚያው ስልክ ላይ እንዳትጀምሪ። ቤተሰቡ ይበላዋል፣ ጎረቤት ይበላዋል፣ የተረፈው በማግስቱ በኮምጣጤ ተቀቅሎ ሌላ ወጥ ይሆናል። ያንቺ ጭንቀት እሱ መሆን የለበትም።

ያንቺ ጭንቀት መሆን ያለበት ጠርሙሱ ነው።

እኔም ዱባይ ኖሬያለሁ። ሳጥዋ፣ ቤድ ስፔስ፣ ስድስት ሴት በአንድ ክፍል። አራቱ ፊሊፒኖዎች፣ ሁለታችን ሐበሻ፤ ምድጃው አንድ። በዐቢይ ጾም ከልጆቹ አንዷ ዓርብ ዓርብ ማሾ ትሠራ ነበር። ነጭ ሽንኩርት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ታቁላላለች። የተቀቀለውን ማሾ ትገለብጥበታለች። ሊወጣ ሲል አንድ እፍኝ የሽፈራው ቅጠል ትበትንበታለች። አዎ፣ ያው የእኛው ሽፈራው፤ የኮንሶው ዝርያ የተለየ ቢሆንም ዘመዳሞች ናቸው፣ እነሱ ማሉንጋይ ይሉታል። ሽታው ከእናቴ ቤት አይለይም። «ሥጋ አለው?» ብዬ ጠየቅኳት። የለውም አለችኝ። አንድ ወር ሙሉ ዓርብ በመጣ ቁጥር ሰሃኔን ይዤ ተሰለፍኩ።

ሆሳዕና ሲደርስ ነው ጠርሙሱን ያየሁት። ቀላ ያለ ቡናማ፣ እንደ ቀጭን ሻይ የጠራ። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩ። ዓሣ! «ይሄ ምንድነው?» አልኳት። «ፓቲስ» አለችና ትከሻዋን ሰበቀች፤ ጨው እኮ ነው እንደማለት። ልጅቷ አልዋሸችኝም። ሥጋ አለው ወይ ነበር ያልኳት፤ የለውም። እነሱም ዓርብ ማሾ የሚያበስሉት በራሳቸው ጾም ምክንያት ነው። የካቶሊክ ጾም ሥጋን እንጂ ዓሣን አይከለክልም። እኛም «ዓሣ ጾም ነው፣ አይደለም» እያልን ስንከራከር የኖርን ሰዎች ነንና አልፈረድኩባትም።

እና እጮኛሽ «ሥጋውን እያወጣሽ ብዪ» ማለቱ ገርሞኛል። ወጥ ቤት የሚሠራ ሰው እንዲህ ይላል? ሥጋውማ ይታያል፤ የሚታይ ነገር አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የማይታየው ነው። ባጎኦንግ የሚባል አለ፤ ዓሣ ወይም ጥቃቅን ሽሪምፕ በጨው ታሽቶ የከረመ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ። ፓቲስ ከዚያው ላይ የሚጠልለው ፈሳሽ ነው። ሁለቱ እዚያ አገር ወጥ ቤት ውስጥ የሚገቡት እኛ ቤት ጨው በሚገባበት ብዛት ነው።

ደግሞ «ሳሆግ» የምትባል ቃል አለች፤ ያዢያት። የአትክልት ወጥ እንዲጣፍጥ ጣል የሚደረግበት ቁራጭ ነገር ነው። ትንሽ አሳማ፣ ትንሽ ሽሪምፕ፣ ትንሽ የደረቀ ዓሣ። አትክልት በቋንቋቸው ጉላይ ነው። «ጉላይ ስጡኝ» ብትዪ ፒናክቤት ይመጣልሻል። ይህ የሰሜኖቹ የኢሎካኖዎች ምግብ ነው፤ ዱባ፣ ባሚያ፣ ደበርጃን፣ ረጃጅም ፎሶሊያ፣ አምፓላያ የሚባል መራራ አትክልት። ስታዪው ወንድሙ የሆነ የጾም በያይነቱ ይመስልሻል። ውስጡ ግን ባጎኦንግ አለ፤ ብዙ ጊዜም የአሳማ ቁራጭ። ላበሰለችው ሴት ያ «የአትክልት ወጥ» ነው። ልክም ናት።

ስለዚህ «ሥጋ አለው?» የሚለውን ጥያቄ ዛሬውኑ ጣዪው። የምትጠይቂው «ማይ ፓቲስ ፖ ባ?» ብለሽ ነው፤ ፓቲስ አለበት ወይ? ቀጥሎ «ማይ ባጎኦንግ ፖ ባ?» «ፖ»ዋን እንዳትረሺ። አንዲት ፊደል ናት፤ ግን የእኛን «እርስዎ» ሙሉ ሥራ የምትሠራው እሷ ናት። ያለ እሷ አማትሽን አንቺ እንዳልሻቸው ቁጠሪው።

አሁን ደስ ወደሚለው ልምጣ። አንቺ የፊሊፒኖ ምግብ ማለት አሳማ ይመስልሻል፤ አሳማ ሲያሳዩሽ ምን ታደርጊ። የዚያ አገር ምግብ ነፍሱ ግን ሥጋው አይደለም። ነፍሱ ኮምጣጣነቱ ነው። የኮኮናት ኮምጣጤ፣ የሸንኮራ ኮምጣጤ፣ ካላማንሲ የምትባል ትንሽዬ ሎሚ፣ ታማሪንድ፣ ጥሬ ማንጎ። አዶቦ ብለሽ የሰማሽው ነገር የሥጋ ስም አይደለም፤ የአሠራር ስም ነው። ኮምጣጤ፣ አኩሪ አተር ሶስ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የሎሬል ቅጠል። «ወጥ» እንደማለት ነው። ዶሮ ወጥ አለ፣ ምስር ወጥ አለ። እዚያም የዶሮ አዶቦ አለ፣ የሲታው አዶቦ አለ። ሲታው ያቺ እንደ ክንድ የምትረዝም ፎሶሊያ ናት። ካንግኮንግ የሚባል ውሃ ዳር የሚበቅል ቅጠልም በአዶቦ ይሠራል። እኔ ከዶሮው እሱን እመርጣለሁ፤ ያኔ ደግሞ የፍስክ ሰው ነበርኩ።

ለእጮኛሽ የምትነግሪው አንድ ነገር ልስጥሽ። ፓምፓንጋዎች በሲሲግ ይኮራሉ። የአሳማ ጭንቅላት ተቀቅሎ፣ ተጠብሶ፣ ደቆ፣ በጋለ ብረት ላይ እየተንጫጫ የሚቀርበው። በጋለ ብረት ማቅረቡ የ1970ዎቹ ነገር ነው፤ አንሄለስ በምትባለው ከተማቸው አሊንግ ሉሲንግ የተባሉ ሴት ያስፋፉት። ቃሉ ግን ከዚያ በጣም ያረጀ ነው። በ1732 ዲዬጎ ቤርጋኞ የተባለ የስፔን መነኩሴ የፓምፓንጋን ቋንቋ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ ሲሲግን ጽፎታል። ምን ብሎ? ጥሬ ፓፓያ ወይም ጥሬ ዘይቱን በጨው፣ በቁንዶ በርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርትና በኮምጣጤ ተለውሶ የሚበላ ሰላጣ ብሎ። አሳማ የለም! ይህን ንገሪውና ፊቱን እዪው። አንቺ የአገሩን ምግብ ልትቀይሪ አይደለም የምትሄጂው። ከእሱ በፊት የነበረውን ልትበዪ ነው።

የቀረውን ቻይናዎቹ አምጥተውልሻል። ከደቡብ ቻይና ለንግድ መጥተው የቀሩት ሰዎች ቃላቱን ከነምግቡ ትተዋል። ቶክዋ ጠንካራው ቶፉ ነው። ቶዮ አኩሪ አተር ሶሱ ነው። ቶጌ የበቀለ ማሾ ነው። ታሆ ደግሞ... ታሆን ለኋላ ላቆየው።

እንግዲህ ለአማትሽ እንዴት ይነገር? አንቺ አትነግሪያቸውም። እሱ ነው የሚነግራቸው። በራሳቸው በካፓምፓንጋን ቋንቋ፣ ትኬት ሳይቆረጥ፣ አንቺ በሌለሽበት። ማዕድ ላይ የተነገረ «አልበላም» ስድብ ነው። ከወር በፊት የተነገረ «አትበላም» ግን የቤት ሥራ ነው፤ እናቶች ደግሞ የቤት ሥራ ይወዳሉ።

ሲነግራቸው «አትበላም» ብሎ አይጀምር። «ትበላለች» ብሎ ይጀምር። «ማሚ፣ ማሾ ትወዳለች፣ የሙዝ አበባ ትወዳለች፣ ካሬ-ካሬ እንድታስተምሪያት ትፈልጋለች» ይበል። (ካሬ-ካሬ የኦቾሎኒ ወጥ ነው፤ እመጣበታለሁ።) ከዚያ በኋላ የማትበዪውን ይዘርዝር፤ ዓሣውንም፣ ፓቲሱንም በስም ጠርቶ። የአንዲት ፊሊፒኖ እናት ትልቁ ፍርሃት ሥጋ መናቅሽ አይደለም። ቤቷ ገብተሽ ተርበሽ መውጣትሽ ነው። እዚያ አገር «እንዴት ነሽ» የሚባለው «ኩማይን ካ ና ባ?» ተብሎ ነው፤ በላሽ ወይ? ሰው እየበላ ሌላ ሰው ሲያልፍ «ካይን ታዮ» ይላል። ቃል በቃል «እንብላ» ነው። እንደ እኛው ሁሉ፣ አንዳንዴ ከልብ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ለወጉ።

«ቪጋን» የምትለዋን ቃል ለማኒላ ካፌዎች አስቀምጫት። ማካቲና ኬሶን ሲቲ ይገባቸዋል። በአማትሽ ወጥ ቤት ግን የክብደት መቀነሻ ነገር ትመስላለች፤ «ቀጭን ነሽ እኮ፣ ምን ያደርግልሻል?» ትባያለሽ። የሚሠራው ቃል «ባዋል» ነው፤ ክልክል። «ባዋል ፖ ሳ አኪን»፣ ለእኔ አይፈቀድም። ይህን ቃል ሁሉም ያከብረዋል፤ ምክንያቱም ሁሉም «ባዋል» ያለበት ዘመድ ወይም ጎረቤት አለው። የሚንዳናው ሙስሊም አሳማ አይበላም። የኢግሌሲያ ኒ ክሪስቶ አማኝ በደም የሚሠራውን ዲኑጉዋን አይነካም። ሰባዲስታ የሚሏቸው አድቬንቲስቶች አሳማና ሽሪምፕ አይበሉም፤ ከነጭራሹ ሥጋ የተዉም ብዙ ናቸው። እንግዲህ አንቺ የመጀመሪያዋ ጉደኛ አይደለሽም።

አንድ የሚያጓጓ መደበቂያ እንዳለሽ አውቃለሁ። የፈረንጆች ገና ዋዜማ የሚውለው በእኛ ታኅሣሥ አጋማሽ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገናችን ይዘልቃል። «ጾም ላይ ነኝ» ብትዪ ውሸት የለበትም። ሊሉሽም የሚችሉት «ውይ፣ ምስኪን፣ መቼ ነው የምትፈቺው?» ነው። እዚህ ጋ ነው ጣጣው። ቀን ትነግሪያቸዋለሽ። ያቺን ቀን ይቆጥራሉ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በመስከረም ትሄጂና ምን ልትዪ ነው? ለአንድ ጉዞ ያገለግላል፤ ለትዳር ግን አይበቃም። አሳማውን ባደግኩበት ሃይማኖት አልበላም በዪ፤ እውነት ነው። ሌላውን ግን እኔው ራሴ ተውኩት በዪ፤ ያም እውነት ነው። ሁለቱን አታደባልቂያቸው። እኔ የምፈራልሽ አምስት ዓመት ቆይቶ እጮኛሽ «ለእናቴ ጾም ነው አልሽ እኮ» የሚልሽን ቀን ነው።

ማዕዱ ላይ ምን ይገጥምሽ መሰለሽ? መግደርደር። እነሱም እንደኛ ናቸው። ጨዋ እንግዳ መጀመሪያ እንቢ ይላል፣ ባለቤት ይለምናል፣ እንግዳው እሺ ይላል። ስለዚህ አንቺ «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» ስትዪ የሚሰሙት «አንዴ ለምኑኝ» የሚለውን ነው። አክስትየዋ ትልቅ ቁራጭ አንስታ ወደ ሰሃንሽ ስትመጣ «በሞቴ» እያለችሽ መሆኑን ፊቷ ላይ ታነቢዋለሽ። መድኃኒቱ ንግግር አይደለም። ሰሃንሽ ሙሉ ይሁን። ባዶ ሰሃን ነው ጠላትሽ። ቀስ ብለሽ ብዪ፣ ሩዙ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይኑር፣ ግማሽ ስትደርሺ ራስሽ ተነስተሽ ጨምሪ። ሲያዩሽ «ማሳራፕ ፖ!» በያቸው፤ ይጣፍጣል። በምትወጅው ነገር ላይ ሆዳም የሆነች እንግዳን ማንም አያስገድዳትም።

በዚህ ጉዳይ ከአንቺ በፊት የተቸገረ ሰው ታሪክ ውስጥ አለ። በ1521 መርከበኛው ማጄላን እዚያ ደሴቶች ሲደርስ ጣሊያናዊው ፒጋፌታ አብሮት ነበር። በስቅለት ዓርብ የደሴቲቱ ንጉሥ እጁን ይዞ ወሰደውና አሳማና መጠጥ አቀረበለት። በየጉርሻው አንድ ጽዋ! ፒጋፌታ ኋላ ሲጽፍ በስቅለት ዕለት ሥጋ የበላሁት ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ ነው አለ። ምስኪን፤ ቋንቋቸውን የሚያውቅ እጮኛ አልነበረውማ።

አሁን ወጥ ቤት እንግባ። ስትደርሺ መጀመሪያ የአማትሽን እጅ ይዘሽ ወደ ግንባርሽ አስጠጊ፤ «ማኖ ፖ» ይባላል፣ ጉልበት እንደመሳም ነው። ሻንጣው ከተፈታ በኋላ፣ በሁለተኛው ቀን፣ ካሬ-ካሬ አስተምሩኝ በዪ። ፓምፓንጋዎች የእኛ ነው የሚሉት ምግብ ነው። በበሬ ጭራ ይሠራል፤ ግን ጭራው ለብቻው ተቀቅሎ ነው የሚጨመረው። ይህ ላንቺ ትልቅ ዕድል ነው።

ኦቾሎኒ ይቆላል፣ ይፈጫል። ሩዝ ለብቻው በደረቅ መጥበሻ ቡናማ እስኪሆን ይቆላል፤ እሱም ይፈጫል። ወጡን የሚያወፍረው እሱ ነው። አቹዌቴ የምትባል ቀይ ፍሬ በሙቅ ዘይት ውስጥ ቀለሟን ትሰጣለች። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ ኦቾሎኒው ይገባል፣ ውሃ ይጨመራል፣ የሩዙ ዱቄት እየተነሰነሰ ይማሰላል። እንዳይጓጉል፣ ከስር እንዳይዝ። ሽሮ ያማሰለች እጅ ይህን አትስትም። አማትሽ ከኋላሽ ቆመው እጅሽን ያያሉ፤ ምንም አይሉሽም፤ ግን ያያሉ።

ከዚያ ደበርጃኑ፣ ረጅሟ ፎሶሊያ፣ ፔቻይ የሚባለው ቅጠል፣ የሙዙ አበባ። ያቺ ሐምራዊ ነገር ስሟ «የሙዝ ልብ» ነው፤ መልኳም ልብ ነው። ውጪ ውጪው እስኪነጣ ይላጣል፤ ውስጡ ተከትፎ በጨው ይታሻል፣ ምሬቱ ይጨመቃል። እዚህ ደረጃ ላይ፣ ጭራውና መረቁ ሳይገባ፣ ያንቺን ድርሻ በትንሽ ድስት ቅጂ። እና ልብ በዪ፤ ካሬ-ካሬ ሆን ተብሎ አልጫ ሆኖ ነው የሚወጣው። ጨው የሚሰጠው ባጎኦንግ በትንሽ ሳህን ለብቻው ጎን ይቀርባል። የፈለገ እያጠቀሰ ይበላል፤ ያልፈለገ ይተወዋል።

እኔ ይህን ምግብ የምወደው በጣዕሙ ብቻ አይደለም። ፊሊፒኖ ማዕድ ላይ ምግብን የሚጨርሰው አብሳዩ ሳይሆን በላዩ ነው። «ሳውሳዋን» ይሉታል፤ ማጥቀሻ። ኮምጣጤ በሚጥሚጣ መሰል ቃሪያ፣ ቶዮ በካላማንሲ፣ እያንዳንዱ ሰው በየፊቱ ይቀላቅላል። ማንም «ለምን ጨመርክ፣ ለምን ተውክ» አይለውም። ያንቺ መግቢያ በር ይህቺው ናት። ፓቲሱ ከድስቱ ወጥቶ ወደ ማጥቀሻው እንዲሄድ ብቻ ነው የምትለምኚው። እንዳይበሉት አልጠየቅሻቸውም። ቦታውን ነው ያዛወርሽው።

ሲኒጋንግም እንዲሁ ይሆንልሻል። በታማሪንድ የሚኮመጥጥ መረቅ ነው። የድሮ ሴቶች መረቁን የሚሠሩት ሩዝ በታጠበበት ውሃ ነው፤ ሁለተኛውን እጣቢ አይደፉትም። በዚያ ውሃ ላይ ታማሪንዱ፣ ቲማቲሙ፣ ላባኖስ የሚባለው ነጭ ሥር፣ ካንግኮንጉ፣ ባሚያው፣ ጎደሬው ሲገባ ማንም ሥጋ አይናፍቅም። በፓቲስ ፋንታ ጨው። የፓኬት ማኮምጠጫ ከሆነ ግን ጀርባውን አንብቢ። ጎደሬ ስል ላይንግ ትዝ አለኝ፤ የቢኮል ሰዎች የጎደሬን ቅጠል አድርቀው በኮኮናት ወተትና በሚያቃጥል ቃሪያ ይሠሩታል። ከሠራሽው ቅጠሉ ሳይበስል አታማስዪው፤ ጉሮሮ ያሳክካል ይላሉ። ገበያ ላይ የምታገኚው ላይንግ ግን ሁልጊዜ ሽሪምፕ ወይም ዓሣ አለበት ብለሽ ጀምሪ።

የገና ዋዜማ ማዕድ፣ ኖቼ ቡዌና፣ እኩለ ሌሊት ነው የሚበላው። ካም፣ ቀይ ሽፋን ያለው ክብ አይብ፣ ኮንደንስድ ሚልክ የፈሰሰበት የፍራፍሬ ሰላጣ። እዚያ ላይ ብዙ አትጠብቂ፤ ቀደም ብለሽ በልተሽ ግቢ፣ ካሬ-ካሬሽን ይዘሽ ቅረቢ። ከዚያ በፊት ባሉት ዘጠኝ ቀናት ግን ከዲሴምበር 16 ጀምሮ ሲምባንግ ጋቢ አለ፤ ጎህ ሳይቀድ የሚቆም ቅዳሴ። አብረሽ ሂጂ። እኛ ለሌሊት ቅዳሴ ማን ይቀድመናል? ስትወጡ ደጁ ላይ ፑቶ ቡምቦንግ ይሸጣል፤ በቀርከሃ ውስጥ በእንፋሎት የበሰለ ሐምራዊ ሩዝ፣ በተፈቀፈቀ ኮኮናትና በጥቁር ስኳር። ማርጋሪን ወይም ቅቤ እንዳይቀቡብሽ በጊዜ ንገሪ። አጠገቡ ያለው ቢቢንግካ እንቁላል አለበት፤ እሱን ለእጮኛሽ። ሱማን የሚባለው በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ በኮኮናት ወተት ነው፤ እሱን ብዪ። ቱሮን፣ በቀጭን ሊጥ ተጠቅልሎ በስኳር የተጠበሰ ሙዝ፣ እሱንም ብዪ። ዳቦ ሲሆን ጠይቂ፤ የአሳማ ስብ የሚያስገቡ ዳቦ ቤቶች አሉ።

ታሆን ላቆየው ብዬ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰፈር ውስጥ አንድ ሰውዬ ሁለት የአሉሚኒየም ባልዲ በትከሻው ተሸክሞ «ታሆ!» እያለ ያልፋል፤ የመጨረሻዋን ፊደል እየጎተተ፣ እንደ ቆራሌዎቻችን። በአንዱ ባልዲ ትኩስ፣ ገና የሚንቀጠቀጥ ቶፉ አለ። በጠፍጣፋ ማንኪያ ቀጭን ቀጭን አድርጎ ብርጭቆ ውስጥ ይከምርልሻል። የቀለጠ ቡናማ ስኳር ያፈስበታል፣ ሳጎ የሚባሉ ጥቃቅን ኳሶች ይጨምርበታል። ምንም መጠየቅ የለብሽም። ሳንቲም ትራስሽ ስር አድርገሽ ተኚ፤ ቶሎ ነው የሚያልፈው።

ስለ ጤና አጭር ነገር። ሦስት ዓመት ከሆነሽ ቢ12 እየወሰድሽ ነው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከአትክልት በአስተማማኝ አይገኝም፤ ካልጀመርሽ ከመሄድሽ በፊት ደምሽን አስመርምሪና ጀምሪ። በቀን ሦስት ጊዜ ሩዝ ነው የምትበዪውና ማሾውንና ቶክዋውን አትዝለዪ። በቃ።

ስህተት ይመጣል። አንድ ቀን ግማሽ ሰሃን ከበላሽ በኋላ ፓቲስ እንዳለበት ትሰሚያለሽ። ማንኪያውን እንዳትወረውሪ። «ቡሶግ ና ፖ አኮ» በዪ፤ ጠገብኩ። ማታ ለእጮኛሽ ንገሪው፤ እናቱን እሱ ይንገራቸው። ልጅሽ ሲነግርሽና ምራትሽ ስትነግርሽ አንድ አይደለም፤ ይህን አማት የሆንን እናውቀዋለን።

ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ። «ፓሳሉቦንግ» ይሉታል፣ ከመንገድ የመጣ ሰው ይዞት የሚገባው ነገር። ከዱባይ ቴምርና ቸኮሌት ይጠበቅብሻል። ከዚያ ላይ ሽሮ ጨምሪ፤ በሁለት ላስቲክ ጠቅልለሽ። አንድ ቀን ወጥ ቤቱን ስጡኝ በያቸውና በሩዝ አቅርቢላቸው፤ ኦቾሎኒ ወጥ የሚወድ ቤት ሽሮ አይጠላም። እኔ ሳጥዋ ሳለሁ ለዚያች ለማሾዋ ልጅ ሠርቼላት ነበር። ቀመሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ «ሳራፕ!» አለች። ከዚያ ተነስታ ያቺን ጠርሙስ አመጣችና ድስቱ ላይ ሦስት ጊዜ አራገፈችበት። ከልቧ ነው፤ የጎደለውን ልትሞላልኝ። ስለዚህ ሽሮው እንደወጣ መጀመሪያ የራስሽን ቅጂ።